ሹፌሯ ልጄ፣ ረዳቱ እኔ፦ አስትሮ ቦትን ከልጅ ጋር የመጫወት መመሪያ

ፕሌይስቴሽን ቤት ያደገ ሰው ይህችን ተንኮል አይረሳትም። ትንሹ ልጅ «እኔስ?» እያለ ሲያስቸግር ትልልቆቹ ያልተሰካ ጆይስቲክ ያቀብሉታል። እሱም ቁልፉን እየደበደበ፣ ጎል ሲገባ «አገባሁ!» ብሎ ይጨፍራል። እኔም ተሸውጃለሁ። ገመዱ ከምንም ጋር እንዳልተሰካ ያየሁበት ቀን እስካሁን ያናድደኛል።

አሁን ተራው የእኔ ሆነ። ስድስት ዓመቷን የያዘች ልጄ ሶፋው ላይ አጠገቤ ተቀምጣ «እኔስ?» አለችኝ። ያልተሰካ ልሰጣት አልፈለግኩም። ብፈልግም አይሆንም። የዛሬው ጆይስቲክ ገመድ የለውም፣ መብራቱ ካልበራ ግን ወዲያው ትነቃብኛለች።

ስለዚህ እሷ የምር የምትጫወተው፣ እኔም የማልሰለቸው ነገር ፈለግኩ። ያገኘሁት አስትሮ ቦትን ነው። ቶኪዮ ያለው የሶኒ ቡድን፣ ቲም አሶቢ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 2024 ለፕሌይስቴሽን 5 ያወጣው ጨዋታ ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በዘ ጌም አዋርድስ የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተባለ። ነገሩ እንዲህ ነው። አስትሮ የምትባል ነጭ ትንሽ ሮቦት ከጓደኞቿ ጋር በጠፈር ትጓዛለች። የሚጓዙበት መንኮራኩር ራሱ ፕሌይስቴሽን 5 ይመስላል። አንድ ክፉ አረንጓዴ ፍጡር መጥቶ ይሰባብረዋል። መንኮራኩሩ በረሃ ላይ ይወድቃል፣ 300 ሮቦቶችም በየፕላኔቱ ይበተናሉ። የእናንተ ሥራ እየዘለሉ፣ እየተንሳፈፉ እነሱን መልቀም ነው። (አስትሮ ወንድ ነው ሴት የሚለው ቤታችን ውስጥ ገና አልተፈታም። ልጄ «እሷ» ስላለች እኔም «እሷ» ብዬ እቀጥላለሁ።)

ለልጅ የተመቸበት ትልቁ ምክንያት ሌላ ነው። ጨዋታው ውስጥ ወሬ የለም ማለት ይቻላል። ሮቦቶቹ ይንጫጫሉ እንጂ እንግሊዝኛ አይናገሩም። ማንበብ ያልጀመረ ልጅም አይቶ ይገባዋል። ዝምታውን የምንሞላው እኛ ነን፣ በራሳችን ቋንቋ።

አንድ ችግር ግን አለ። ጨዋታው የአንድ ሰው ነው። ሁለት ሆኖ የሚገባበት መንገድ የለውም። ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው የዚያ ችግር መላ ነው።

መጀመሪያ ዕቃው

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት ፕሌይስቴሽናችሁ ዲስክ ማስገቢያ እንዳለው እዩ። የእኛን ዘመድ ከውጭ አመጣልን፣ እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ዲስኩን ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ዕቃውን ባገላብጠው ቀዳዳ የለውም። ለካ ዲጂታል የሚባለው ዓይነት ኖሯል። ሻጩ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠየቅኩ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ቀጭኑ ዲጂታል ከሆነ ዲስክ ማንበቢያው ለብቻው ተገዝቶ ይገጠምለታል። መጀመሪያ ሲገጠም አንዴ ኢንተርኔት ይፈልጋል። የእኔ እሱ ስለነበር ተረፍኩ።

ከአሜሪካ የመጣ ከሆነም አትደንግጡ። ፕሌይስቴሽን 5 ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የእኛን 220 ይችለዋል። ለማንኛውም ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የሚያስፈልገው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው። መብራት እንደ እኛ ሰፈር የሚያጫውት ከሆነ ስታብላይዘር ይኑራችሁ፣ አፕዴት እያደረገ እንዳይጠፋም ጊዜ ምረጡለት። ኢንተርኔት ለጨዋታው አያስፈልግም። ውስጡም በእውነተኛ ብር የሚሸጥ ነገር የለም። ልጁ ሳታውቁ ካርዳችሁን አያራግፍም።

ከነፃው ጀምሩ

አስትሮ ቦትን ገዝታችሁ ከሆነም ገና አትክፈቱት። እያንዳንዱ ፕሌይስቴሽን 5 ውስጥ ተጭኖ የሚመጣ አስትሮስ ፕሌይሩም የሚባል ነፃ ታናሽ ጨዋታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከዕቃው ጋር የወጣ ነው። ትምህርት ቤቱ እሱ ይሁን።

ሲከፈት ጆይስቲኩን ራሱን ያስተዋውቃል። መሐል ላይ ያለው ሰፊ ሰሌዳ ሲነካ ምን እንደሚሆን፣ ሲወዘወዝ ውስጡ ያሉት ሮቦቶች እንዴት እንደሚንኳኩ ያሳያል። ይህን ክፍል ጆይስቲኩን ለልጁ ሰጥታችሁ ዝም በሉ። ልጄ ወዘወዘችው፣ ሮቦቶቹ እጇ ውስጥ ሲንገጫገጩ ተሰማት፣ ቀና ብላ አየችኝ። «አባዬ፣ ውስጡ ሰው አለ!» ያን ቀን ሌላ ነገር አልተጫወትንም። አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ስትወዘውዝ ዋለች። አትቸኩሉ።

ከዚያ በኋላ አራት ዓለም ይከፈታል። እኔ በኩሊንግ ስፕሪንግስ ጀምሩ እላለሁ። ውሃና ባሕር ዳርቻ ነው፣ ደማቅ ነው፣ እንደ ስፕሪንግ የሚፈናጠር የእንቁራሪት ልብስም አለበት። ጂፒዩ ጀንግል ላይ የዝንጀሮ ልብስ ለብሶ ገደል መውጣት አለ። እሱ ጆይስቲኩን ግራና ቀኝ ማዘንበል ስለሚፈልግ ለትንሽ ልጅ ይከብዳል። ኤስኤስዲ ስፒድዌይ ጠፈሩ ነው፣ ሮኬት የሚነዳበት። ልጁ «ሮኬት! ሮኬት!» ማለቱ አይቀርም፣ ግን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቀን ይሁን።

ጆይስቲኩን አለዝቡት

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክ ይነዝራል፣ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ቃታዎች ደግሞ አንዳንዴ ሆን ብለው ይጠጥራሉ። ለእኔና ለእናንተ ደስ ይላል። ለስድስት ዓመት ጣት ግን ጠጣር ቃታ ማለት የተቆለፈ በር ነው። ልጄ አንዴ በሁለት እጇ ቃታውን ስትጎትት ጆይስቲኩ አፍንጫዋን ሊመታት ነበር።

ሴቲንግ ውስጥ አክሰሰሪስ የሚለውን ክፈቱ፣ ከዚያ ኮንትሮለርስ። የንዝረቱንም የቃታውንም ጥንካሬ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ቃታውን «ደካማ» ላይ አድርጉት። ንዝረቱን ግን ጨርሳችሁ አታጥፉት። አስትሮ አሸዋ ላይ ስትረግጥና ብረት ላይ ስትረግጥ እጅ ላይ የሚሰማው ይለያያል። የጨዋታው ግማሽ ደስታ እሱ ነው። የጆይስቲኩ ድምፅ ማውጫም ይጮኻል። ሕፃን የተኛበት ቤት ከሆነ ቀንሱት።

ሁለተኛው ጆይስቲክ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ሁለተኛ ጆይስቲክ ካላችሁ አስትሮ ቦትን ለሁለት መጫወት ይቻላል። ይህን የሚያስችለው ጨዋታው ሳይሆን ፕሌይስቴሽኑ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 በመጣ አፕዴት ሁለት ጆይስቲክ እንደ አንድ ሆኖ እንዲሠራ የሚያደርግ ነገር ተጨመረ። አሲስት ኮንትሮለር ይባላል። ሴቲንግ ውስጥ አክሰሰቢሊቲ፣ ከዚያ ኮንትሮለርስ የሚለው ጋ ፈልጉት። ዕቃችሁ ከዚያ ወዲህ አፕዴት ካልተደረገ አታገኙትም።

አንዴ ከተከፈተ የእሷ ጆይስቲክም የእናንተም አስትሮን ያዛሉ። እሷ ስትነዳ እናንተ መዝለል ትችላላችሁ። አደጋውም እዚያው ነው። ሁለት ሰው መሪ ከያዘ መኪናው ገደል ይገባል። እኛ ቤት የመጀመሪያው ቀን በዚሁ ምክንያት በለቅሶ አለቀ። እሷ ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ፣ አስትሮ ቀጥ ብላ ወደ ጉድጓድ።

መፍትሔውን ያገኘሁት ታክሲ ውስጥ ነው። የእኛን ሚኒባስ አስቡት። ሹፌሩ መሪ ይይዛል። ረዳቱ በሩ ጋ ሆኖ ይጣራል፣ ሂሳብ ይሰበስባል፣ ዳር ዳሩን ያያል፣ «ወራጅ አለ!» ይላል። ረዳት መሪ ሲነካ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቤት ገብቼ ልጄን «ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ሹፌር ነሽ፣ እኔ ረዳት» አልኳት። ወዲያው ገባት። በየቀኑ የምታየው ነገር ነዋ።

ሥራውን የከፋፈልነው እንዲህ ነው። የግራው ዱላ፣ ማለትም አስትሮን የሚያስኬደው፣ የሹፌሯ ነው። ኤክስ፣ መዝለያው፣ የሹፌሯ ነው። ካሬ፣ ቦክሱም፣ የእሷ ነው። የቀኙ ዱላ ግን የረዳቱ ነው። እሱ ካሜራውን ያዞራል። ትንሽ ልጅ መንዳትና ካሜራ ማዞር ባንድ ጊዜ አይሆንለትም። ግራ የሚያጋባው ዝላዩ አይደለም፣ የካሜራው ዕይታ ነው። እናንተ ካሜራውን መንገዱ ፊት ለፊት እንዲታይ አድርጋችሁ ከያዛችሁለት ግማሹ ችግር ሳይታወቅ ይጠፋል።

ሁለተኛ ጆይስቲክ ከሌላችሁ አጠገቡ ተቀምጣችሁ የቀኙን ዱላ በአንድ አውራ ጣት መንካት ነው። ያው ትከሻ ለትከሻ መጠጋጋት ይጠይቃል። እሱም ቢሆን አይከፋም።

ቃላቱም ከታክሲው መጡ። የተያዘ ሮቦት ሲታይ «ወራጅ አለ!» እላለሁ፣ ትቆማለች። ሮቦቱ ሲድን ተሳፋሪ ነው። ሳንቲም ሲለቀም ሂሳብ ነው። መንገዱ ነጻ ሲሆን «ሳቢው!» መጀመሪያው ደረጃ ላይ ሰባት ሮቦቶች አሉ። ሰባተኛውን ስታገኝ ራሷ ናት «ሞልቷል! ሳበው!» ብላ የጮኸችው።

እዚህ ላይ ውጭ ለምትኖሩት አንድ ነገር ልበል። ልጃችሁ አማርኛ ይሰማል፣ መልሱ ግን በሌላ ቋንቋ ከሆነ፣ ይህን ጨዋታ ሞክሩት። ረዳቱ የሚናገረው ሁሉ ትእዛዝ ነው፦ ቁም፣ ቆይ፣ ቀስ በል፣ ዝለል፣ ወደ ኋላ፣ ተጠጋ፣ ልቀቀው። ሹፌሩ ካልሰማ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከዚያ ሚናውን ቀይሩ። እናንተ ንዱ፣ እሱ በአማርኛ ይዘዛችሁ። በሌላ ቋንቋ ከተናገረ አትስሙት፣ ሆን ብላችሁ ገደል ግቡ።

መዝለል፣ ከዚያ መያዝ

አሁን አስትሮ ቦትን ክፈቱ። ደረጃዎቹ የተመደቡት በየጋላክሲው ነው። የመጀመሪያው ጋላክሲ ጎሪላ ኔቡላ፣ የመጀመሪያው ደረጃ ስካይ ጋርደን ይባላል። ሰማይ ላይ የተንጠለጠለ አትክልት ነው። ወደዚያ የምትሄዱት ጆይስቲክ በምትመስል ትንሽ መንኮራኩር ነው፣ የምትነዳውም ጆይስቲኩን በማዘንበል ነው። እዚህ ጋ ረዳቱ እጁን አንስቶ ይቀመጥ። ልጄ ስትነዳ ከነሰውነቷ ነው የምትዘምመው። አንዴ ከሶፋው ወድቃለች።

እዚህችው መንኮራኩር ላይ ነው «የእኛ አገርስ ወደ ጠፈር የላከችው ነገር አለ?» ብላ የጠየቀችኝ። አለ አልኳት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢቲአርኤስኤስ አንድ የተባለች ሳተላይት ከቻይና ተወነጨፈች፣ 72 ኪሎ ነበረች። «ከአንተ ትቀላለች» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ወደ ዝላዩ ልመለስ። አስትሮ ኤክስ ሲነካ ትዘላለች። አየር ላይ እያለች ኤክስ ሁለተኛ ተጭኖ ከተያዘ ከእግሯ ሥር ጨረር ይወጣና ትንሽ ጊዜ ትንሳፈፋለች። ጠቅላላ ጨዋታው የተሠራው በዚህች መንሳፈፍ ላይ ነው። ልጅ ደግሞ የሚሳሳተው እዚሁ ጋ ነው፣ በሁለት ዓይነት።

አንደኛው ስህተት፣ ኤክስን ነካ አድርጎ መልቀቅ። መዶሻ እንደመምታት ይቆጥሩታል። «ተጭነሽ ያዢ» ማለት አይበቃም፣ ድምፅ ያስፈልገዋል። እኔ ዝማሬ አደረግኩት፦ «ዝለዪ! ያዢ ያዢ ያዢ ያዢ... ልቀቂ!» «ያዢ» የሚለውን እስከተንሳፈፈች ድረስ አስረዝመዋለሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ራሷ በሹክሹክታ ትለው ጀመር።

ሁለተኛው ስህተት የባሰ ነው። ልጁ በቀኝ አውራ ጣቱ ኤክስን ሲጫን ግራው ይረሳና ዱላውን ይለቃል። አስትሮ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ትዘልና ቀጥ ብላ ትመለሳለች፣ ወይም ጉድጓዱ መሐል ላይ ትቆማለች። ልጁ «አልሄደም!» ይላል፣ ጆይስቲኩ የተበላሸ ይመስለዋል። ይህን በቃል ማስረዳት አድካሚ ነው። ደረጃው መጀመሪያ ላይ፣ ጠላት የሌለበት ሜዳ ፈልጉና ወዲያ ወዲህ እየሮጣችሁ ዝለሉ። ጉድጓድ የለም፣ ምንም የለም። ሳንቲሞች ተደርድረው ካገኛችሁ በላያቸው እየዘለሉ መልቀም ከማንኛውም ምክር ይሻላል።

አንድ ትንሽ ምሥጢር ልጨምር። የአስትሮ ጨረር ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ስለዚህ የት እንደምታርፍ ያሳያል። ልጆች አስትሮን ነው የሚያዩት፣ ማየት ያለባቸው ግን እግሯን ነው። «እግሯን እዪ፣ መብራቱ ሣሩ ላይ ሲያርፍ ልቀቂ።» ይህችን ከነገርኳት ቀን ጀምሮ ጉድጓድ የምትገባው ግማሽ ያህል ቀነሰ። እኔም ራሴ ለእሷ ሳስረዳ ነው የተማርኳት።

ስትወድቅ

አስትሮ ቦት ላይ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ የሚባል ምርጫ የለም። አስትሮ አንዴ ከተነካች አለቀላት። ይህ ሲሰማ ያስፈራል። ግን ስንት ጊዜ ብትወድቅ የሚያልቅ ነፍስ የለም፣ የምትመለስበትም ቦታ ሁልጊዜ ቅርብ ነው። ከሁለትና ሦስት ሰከንድ በኋላ እንደገና መሮጥ ነው።

ችግሩ ቃሉ ነበር። ልጄ በወደቀች ቁጥር «ሞትኩ! አባዬ ሞትኩ!» ትላለች። እናቴ ማድ ቤት ሆና ቡና እየቆላች ሰማች። መቁያውን እንደያዘች ሳሎን ገባች። «በስመ አብ! ምነው ልጄ፣ ሞት እንዲህ ይጠራል? አንተስ አፍህን ከፍተህ ትሰማለህ?» አስትሮ ናት አልኩ። «ማንም ትሁን!» አለች። ጭሱን ትታልን ሄደች።

ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት የሚሞት የለም። «ተመለስኩ» ነው የሚባለው። የሚገርመው ቃሉ ሲለወጥ ለቅሶውም ቀነሰ። «ሞትኩ» ስትል ታለቅስ ነበር። «ተመለስኩ» ስትል ተመልሳ ትሮጣለች። ሁለተኛ ጊዜ ስትወድቅ «ረዳት የት ነበርክ?» ብላ እኔን ትቆጣለች። ይህ ደግሞ ለእኔ ይሻላል።

መሪውን መቼ እንቀበል

ለወላጅ ከባዱ ደረጃ ይኸው ነው። ልጁ አንድ ቦታ አሥር ጊዜ ሲወድቅ እጃችሁ ያሳክካል። እናንተ በሦስት ሰከንድ ታልፉታላችሁ። አትንኩ።

የእኔ ልማድ ይህን ይመስላል። ሦስት ጊዜ ስትወድቅ እጠይቃለሁ፦ «ልያዝልሽ ወይስ ላሳይሽ?» ሁለቱ ይለያያሉ። ማሳየት ማለት እኔ አንዴ እዘላለሁ፣ እሷ ታያለች፣ ከዚያ ሆን ብዬ ወድቄ እመልስላታለሁ። ራሷ ታልፈዋለች። መያዝ ማለት በእውነት አሳልፋታለሁ። ግን መጨረሻውን አልነካም። አምስት ዝላይ ያለበት መንገድ ከሆነ አራቱን ዘልዬ፣ አምስተኛው ፊት ለፊት አቁሜ ጆይስቲኩን እመልሳለሁ። ያለፈችው እሷ ናት፣ ለእናቷም የምትነግረው እንደዚያ ነው። «አይ» ካለች ደግሞ «አይ» ነው። ሁለት ቀን አንድ ድልድይ ላይ አድረናል። ምንም አልሆንንም።

ጠፈሩ ላይ ተደብቀው የሚገኙ አጫጭር ፈታኝ ደረጃዎች አሉ፣ የፕሌይስቴሽን ቁልፍ ምልክት ያለባቸው፦ ሦስት ማዕዘን፣ ክብ፣ ኤክስ፣ ካሬ። እነዚህ ላይ መሐል ላይ መመለሻ የለም፣ አንዴ ከተሳሳቱ ከመጀመሪያው ነው። ልጁ ካየው «ይሄ የማታ ነው» በሉ። ልጁ ሲተኛ የራሳችሁ ናቸው። እኔ አንዱን እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ታግዬዋለሁ፣ ጠዋት ሥራ ላይ ዓይኔ ቀልቶ ሲጠይቁኝ ልጄ አመመኝ ብያለሁ። ይቅር ይበለኝ።

አለቃው ሲመጣ

በየጋላክሲው መጨረሻ አንድ ግዙፍ አለቃ፣ ማለትም ከሁሉ የሚከብድ ጠላት፣ አለ። የመጀመሪያው ጎሪላ ነው። ልጆች መጠኑን ሲያዩ ጆይስቲኩን ወደ እናንተ ይወረውራሉ። አትቀበሉ ብዬ አልፈርድም፣ ግን መጀመሪያ አንድ ዙር «ለማየት ብቻ» ግቡ። እንደምትወድቁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ሥራችሁ መሸሽና መቁጠር ብቻ ነው፦ ስንት ጊዜ ይመታል፣ ከዚያ መቼ ያርፋል? አለቃ ሁሉ የሚደጋግመው ነገር አለው። ልጄ ሦስተኛው ዙር ላይ «አሁን ይመታል... አሁን ደከመው!» ማለት ጀመረች። ሽሽቱን እኔ ያዝኩ፣ ቡጢውን እሷ።

የቀሩትን ፍለጋ

አንድ ደረጃ ስታልፉ ሁሉንም ሮቦት ላታገኙ ትችላላችሁ። አትዘኑ። ያለፋችሁትን ደረጃ ደግማችሁ ስትገቡ በ200 ሳንቲም አንዲት የወፍ ሮቦት ትከተላችኋለች፣ የቀሩትን ትጠቁማለች። ለትንሽ ልጅ ከአዲስ ደረጃ ይህ ይሻላል፣ መንገዱን ያውቀዋልና አይፈራም። ከሮቦቶቹ ብዙዎቹ የድሮ የፕሌይስቴሽን ጨዋታ ጀግኖችን ልብስ የለበሱ ናቸው። እኔ በደስታ ስጮህ ልጄ በጥርጣሬ ታየኛለች። እሷ የምታውቀው አንድም የለም። ስለ እያንዳንዱ ታሪክ ስነግራት ግን ቁጭ ብላ ትሰማለች።

ሁለት ልጆች ካሉ ተራው በደቂቃ አይሁን፣ ሰዓት ላይ ይጣላሉ። አንድ ተሳፋሪ ያዳነ ጆይስቲኩን ያስረክብ። ያላዳነው ደግሞ ረዳት ነው እንጂ ተመልካች አይደለም፣ ሂሳብ ይቆጥራል።

ማቆም

«አምስት ደቂቃ ቀረሽ» ለልጅ ትርጉም የለውም። በዝላይ መሐል የሚጠፋ ቴሌቪዥን ደግሞ የእኛን ልጅነት ያስታውሳል፣ ጨዋታው መሐል ላይ ብር ያለቀብንን። በደረጃ ተስማሙ። ከመጀመራችሁ በፊት «ዛሬ ሁለት ጉዞ» በሉ። ሁለተኛው ሲያልቅ ታክሲው ዴፖ ይገባል። ራሷ ታጥፋው፣ ጆይስቲኩንም ራሷ ቻርጅ ላይ ትሰካው። ፕሌይስቴሽኑ የልጅ አካውንት ከፍቶ ሰዓት መገደብ ይችላል፣ እኔ ግን እስካሁን አልፈለግኩትም። መብራት ኃይል ይገድብልኛል።

ያለፈው እሑድ ከሰዓት ስካይ ጋርደንን ደግመን ስንጫወት፣ እኔ እንደልማዴ ካሜራውን ይዤ «ሳቢው፣ ጥጉን ያዢ፣ ቀስ» እያልኩ ነው። እሷ ዝም ብላ ትነዳለች። ካሜራውም እኔ በምፈልገው ጊዜ፣ አንዳንዴም ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ይዞራል። ደረጃው አልቆ ሰባት ተሳፋሪ ስንቆጥር እጄን አየሁ። የጆይስቲኬ መብራት ጠፍቷል። ባትሪው ከመቼ ጀምሮ እንዳለቀ እንጃ።

«መጥፋቱን አይተሽ ነበር?» አልኳት።

«አይቻለሁ» አለች። «ደስ እያለህ ስለነበር ዝም አልኩ።»